የስምንት ሴኮንድ ቀልድ

ዊል ስሚዝ ስፓጌቲ ይበላል። ሹካው ከጣቱ ጋር ተጣብቋል፤ ፓስታው ወደ አፉ ይግባ ከአፉ ይውጣ አይለይም፤ ፊቱ በየሁለት ሴኮንዱ ሌላ ሰው ይሆናል። ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አንድ ሰው ሞዴልስኮፕ በተባለ፣ ጽሑፍን ወደ ቪዲዮ በሚለውጥ የኤአይ ፕሮግራም ሠርቶ ሬዲት ላይ የለቀቀው ይህ ጉድ ዓለምን አዳረሰ። በዓመቱ ገደማ ተዋናዩ ራሱ እውነተኛ ስፓጌቲ በእጁ እየዛቀ ኢንስታግራም ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የቪዲዮ ሞዴል በወጣ ቁጥር ሰዉ መጀመሪያ የሚሞክረው ዊል ስሚዝን ስፓጌቲ ማብላት ሆኗል።

ያ ቪዲዮ የተወደደው ስለተበላሸ ነው። ዛሬ «በኤአይ ሚም ልሥራ» ብሎ የሚነሳ ጀማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሆሊውድ ፊልም የመሰለ ነገር ካላወጣሁ እያለ በነጻ የተሰጠውን ክሬዲት በአንድ ምሽት ይጨርሳል። ማሽኑ ምን ላይ እንደሚሰንፍ አውቆ ቀልዱን እዚያው ላይ መሥራት ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ስንፍና የቪዲዮው ርዝመት ነው። ጉግል በሜይ 2025 ያወጣው የቪዲዮ ሞዴል፣ ቪኦ 3፣ ምስሉን ከነድምፁ በማውጣቱ ብዙ ተባለለት፤ የሚሰጠው ግን በአንድ ጊዜ ስምንት ሴኮንድ ነበር። ሌሎቹ ሞዴሎች፣ ክሊንግም ሆነ ራንዌይ፣ ያኔ ከዚህ ብዙም የራቁ አልነበሩም። ቁርጥራጮቹን ልቀጥል ስትሉ የገጸ ባሕሪው ፊት ይለወጣል፣ ቀይ የነበረው ሹራብ ብርቱካናማ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ያለው ታሪክ አይሆንላችሁም። ቀልዱ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ከሆነ ግን ስምንት ሴኮንድ ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ስንፍና ግድፈት ነው። በጁላይ 2025 ቲክቶክ ላይ የወጡትን የኤአይ ጥንቸሎች ያየ አይረሳቸውም። ሌሊት ነው፤ የቤት ደኅንነት ካሜራ በሚመስል ጭጋጋማ ምስል ጥንቸሎች የልጆች መዝለያ ላይ ወጥተው እየተፈናጠሩ ነው። ቪዲዮው ከ200 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ ስንቱ እውነት መስሎት ለእናቱ ላከ። የቪዲዮው ብልሃት ካሜራው ነው። የደኅንነት ካሜራ አይንቀሳቀስም፣ ጥራትም የለውም፤ ስለዚህ የማሽኑ ግድፈት ሁሉ የካሜራው ጥፋት ይመስላል። አንዷ ጥንቸል በዝላይ መካከል ድንገት ትጠፋለች፤ አብዛኛው ተመልካች ግን ልብ አላላትም።

በዚያው ዓመት የተስፋፋው «የጣሊያን ብሬንሮት» ደግሞ ቪዲዮ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ስኒከር ያደረገ ባለሦስት እግር ሻርክ ትራላሌሮ ትራላላ፣ የጦር አውሮፕላን የሆነው አዞ ቦምባርዲሮ ክሮኮዲሎ፦ አንድ የኤአይ ፎቶ፣ ከላዩ በጣሊያንኛ የሚያነበንብ የማሽን ድምፅ፣ አበቃ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ ጾመኞችን ለሱሁር ከሚቀሰቅሰው የከበሮ ድምፅ ዱላ የያዘው ግንድ ቱንግ ቱንግ ቱንግ ሳሁር ተወለደና ከጣሊያኖቹ ጋር ተቀላቀለ። ትርጉም የለሽ ነው፤ ልጆች ግን ስማቸውን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።

ወደ ሥራው እንግባ። ለበዓል ዋዜማ የሚሆን አንድ ሐሳብ ልስጣችሁ፦ የበግ ገበያ፣ ማይክ የያዘ ጋዜጠኛ፣ አንድ ሙክት። መጀመሪያ ፎቶ ብቻ አስወጡ፤ ቪዲዮውን ከፎቶው ስታስነሱ በጉ ያው በግ ሆኖ ይቆያል። ትእዛዙ ለፎቶ አንሺ ጓደኛ የሚነገር ይምሰል፦ «በስልክ የተነሳ፣ ደመናማ ከሰዓት፣ አቧራማ የበግ ገበያ፤ ነጭ ሙክት ፊት ለፊት ቆሞ ያመነዥካል፤ ከቀኝ በኩል ማይክ የያዘ እጅ ብቻ ይታያል።» በእንግሊዝኛ ብትጽፉት ማሽኑ አሁንም የተሻለ ይገባዋል። «አስቂኝ አድርገው» አትበሉ፤ ለማሽን አስቂኝ ማለት ዓይኑን አፍጥጦ የሚስቅ በግ ነው።

«ያመነዥካል» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ከንፈርን ከአማርኛ ንግግር ጋር ማስማማት ለጀማሪ ራስ ምታት ነው፤ የሚያመነዥክ በግ አፍ ግን ከምንም ንግግር ጋር ይሄዳል። ቪዲዮውን ካፕካት የተባለ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ አስገቡና ድምፁን ደርቡበት። ማይክሮሶፍት መቅደስና አመሃ የሚባሉ፣ ጽሑፍ የሚያነቡ ሁለት የአማርኛ የማሽን ድምፆች አሉት፤ አነባበባቸው የዜና ነውና ለጋዜጠኛው ልክ ነው። ለበጉ ግን የሰው ድምፅ ይሁን፤ ማሽኑ ነገር ማሽሟጠጥ አያውቅበትም።

«አቶ በግ፣ የዘንድሮን ገበያ እንዴት አዩት?»

«በዚህ ዋጋማ እኔም ራሴን አልገዛም።»

በጉ ከመልሱ በፊት ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዝም ይበል፤ ዝም ብሎ ያመንዥክ። ከመልሱ በኋላ ግን ምንም አትጨምሩ፤ የሳቅ ድምፅም ሙዚቃም አያስፈልግም። የንግግሩን ጽሑፍ እዚያው ካፕካት ላይ ራሳችሁ ጻፉ፤ ምስል ሠሪዎቹን ፊደላችንን ጻፉ ብትሏቸው ብዙውን ጊዜ «ሀ» የመሰለ ግን «ሀ» ያልሆነ ነገር እየደረደሩ ሌላ ሚም ይሠሩላችኋል።

የሰው ፊት ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በኦክቶበር 2025 ኦፕንኤአይ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተሰብ ቅር በመሰኘቱ ሶራ በተባለው የቪዲዮ መተግበሪያው የእሳቸውን ምስል መሥራት አግዶ ነበር። የጎረቤታችሁን ወይም የአንድ ባለሥልጣን ድምፅ አስመስሎ ያላሉትን ማስባል ቀልዱን ከመግደሉም በላይ፣ ነገሩ ሁከት የሚያስነሳ ሐሰት ከሆነ በእኛ አገር ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ቲክቶክም እውነት የሚመስል የኤአይ ሥራ ምልክት እንዲደረግበት ያዛል። በግ ሲናገር እውነት የሚመስለው ሰው ባይኖርም ምልክቱን ማድረግ አይጎዳም።

ቪዲዮውን ሰዉ ገበያ ወርዶ ዋጋ ጠይቆ በተመለሰበት ምሽት ልቀቁት፤ ንዴቱ ትኩስ ነው። ከዚያ አስተያየቶቹን ተከታተሉ። «በሬውስ ምን አለ?» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ቀጣዩ ሥራ መጣ ማለት ነው፤ በሬውን ከዚያው ገበያ፣ ከዚያው ማይክ ፊት አቁሙት። ለእሱ ግን ድምፀ ጎርናና ጓደኛ ፈልጉ።