ከሞተሩ ሆድ በታች

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ፣ የፊት ጎማ ያስፈነጠረው ድንጋይ ከእግሬ ሥር ጓ አለ። ብዙም አልተጨነቅሁም። ትንሽ ወርጄ ስቆም ዘይቱ ጠጠሩ ላይ ይንጠባጠባል። የ150 ሲሲ ሞተር የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ሳላየው ብቀጥል ኖሮ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀር ነበር።

የሞተሩ የታች ቅርፊት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው። እንደ ላሜራ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሥሩ የሚጎብጥ ነገር ይታሰርለታል፦ የሆድ መከላከያ። አንዳንድ የገጠር ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካው ይዘውት ይመጣሉ፤ የእኔ ግን ራቁቷን ነበረች።

ብዙ ሰው ወፍራም ብረት ካሠራ የጨረሰ ይመስለዋል። ለእኔ ከውፍረቱ አስተሳሰሩ ይበልጣል። ድንጋዩ ሲመታው መከላከያው ምቱን ለማን ያስረክባል? ለሻንሲው መሆን አለበት። በሞተሩ ብሎኖች ላይ ከታሰረ ግን ምቱን ሊጠብቀው ለታሰበው ቅርፊት መልሶ ይሰጠዋል፤ ሲብስም የብሎኑን መግቢያ ገንጥሎ ይወስዳል። ከሞተሩ ሥር የሚያልፉ ሁለት ቱቦዎች ላሏት ሞተር ሳይክል ነገሩ ቀላል ነው፤ ቱቦዎቹን በሚያቅፉ ማሰሪያዎች ይያዛል። ሻንሲዋ ከታች ክፍት የሆነች ግን መጀመሪያ ከሻንሲው የሚወርድ መያዣ ትፈልጋለች። ያንን ሥራ ለጀማሪ በያጅ አልሰጥም።

ከመርካቶ ምናለሽ ተራ 4 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም አገኘሁ። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ብረት ወደ 1.9 ኪሎ ይጠጋል፤ ግማሽ ውፍረት ይዞም ይከብዳል። ሸክም ሲያርፍበት ደግሞ ከሁለቱ ቶሎ የሚለመጠው ቀጭኑ ብረት ነው። ሆኖም ብረትን የትም ከተማ ቀጥቅጦ የሚያቀና፣ በያጅም ይገኛል። አሉሚኒየም ግን በተለመደው የብረት ኤሌክትሮድ አይበየድም፤ በሹል ማዕዘን ከታጠፈም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ላሜራውን ተሸክሜ ጋራዥ ስገባ የጋራዡ ልጅ አየት አደረገውና፣ “ጋሼ፣ እሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ካርቶን ይፈልጉልኝ” አለኝ። ልክ ነበር። ካርቶኑን ከሆዷ ሥር እየያዝን፣ የፍሬን ፔዳሉንና የጎን መቆሚያውን እየሸሸን ቀደድነው። በቅርፊቱና በላሜራው መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተውን፣ ላሜራው ሲጎብጥ የሚሄድበት እንዲኖረው። የፊት ጫፉን ወደ ላይ ቀለበስነው፤ ከድንጋይ ጋር ሲገናኝ ተንሸራቶ እንዲያልፍ እንጂ እንዲነክስ አንፈልግም። አየር የሚያቀዘቅዛቸውን የሲሊንደሩን ክንፎች ግን እንዳይጋርድ ዝቅ አደረግነው። ከዚያ የፊቱን ሾክ እስከ መጨረሻው ተጭነን ጎማው ላሜራውን እንደማይነካ አየን። ይህን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ጎማው ይቆለፍበታል።

ብሎኖቹ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ከላሜራው ጋር እኩል የተቀበረ ነው። ከየማሰሪያው ሥር ቁራጭ ጎማ ገባ፤ ያለዚያ የሞተሩ ንዝረት ላሜራውን እንደ ከበሮ ያስጮኸዋል። የብረት ብሎንና አሉሚኒየም በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ ግራሶ ቀባናቸው። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም እንደገና አጠበቅሁ፤ አንዱ ላልቶ ነበር።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ትይዩ ቀዳዳ አውጥተናል። ዘይት በቀየርኩበት የመጀመሪያ ቀን ቁልፉ ገባ፣ ዘይቱ ግን በቀጥታ አልወረደም፤ ወደ ፊት ተወርውሮ ላሜራው ላይ ተንጣለለ። ለካ ትኩስ ዘይት ከብሎኑ ሲለቀቅ አግድም ሊፈናጠር ይችላል። ፈትቼ አወረድኩትና ቀዳዳውን ወደ ፊት ሁለት ጣት አሰፋሁት።