በኢሜይል የሚተላለፉ ሐሰተኛ የጤና መልእክቶችን መለየትና መግታት

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ በተገኘበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስም የተጻፈ መልእክት በኢሜይልና በማኅበራዊ መገናኛዎች በዓለም ዙሪያ ይተላለፍ ነበር። ትንፋሹን ለ10 ሰከንድ ሳያስል መያዝ የቻለ ሰው ከበሽታው ነጻ ነው ይላል። ዩኒቨርሲቲው መልእክቱ የእርሱ አለመሆኑን አስታውቋል። ይህን ያመነ ሕመምተኛ ግን ሳይመረመር ቤተሰቡን ሊያስይዝ ይችላል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ደግሞ፣ ከኢቦላ ይከላከላል በተባለ ወሬ ሳቢያ የጨው ውሃ ከጠጡ ናይጄሪያውያን ቢያንስ 2ቱ መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል።

የሐሰተኛ መልእክት ዋና ዋና ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦
- የታወቀ ተቋም ስም ይጠቅሳል፤ ጸሐፊውንና ቀኑን ግን አይገልጽም።
- ያስፈራራል፣ ወይም ቀላል መፍትሔ ያቀርባል።
- ለሁሉም እንዲተላለፍ ያሳስባል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ እንዲህ ያለውን መልእክት ብታስተላልፍ፣ ተቀባዩ የሚያምነው ጽሑፉን ሳይሆን ሙያዋን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከማስተላለፉ በፊት ስሙ ከተጠቀሰው ተቋም፣ ከጤና ሚኒስቴር ወይም ከኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማጣራት ይኖርበታል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ትክክለኛውን መረጃ ለላኪውና መልእክቱ ለደረሳቸው ሁሉ ማሳወቅ ይገባል።