የማን ልጅ ነህ?

ቆሮሶን ከአምባዛ ለመለየት ዓሣ ገበያ ቆሞ አንዴ ማየት ይበቃል። እኔ የምለያቸው ግን ቁመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ያልሞላ፣ ከእንቁላል የወጡ እጮችን ነው።

የቆሮሶ እናት ታግዘኛለች። እንቁላሏንም የተፈለፈሉትንም በአፏ ይዛ ስለምትዞር፣ እዚያ የተገኘውን «የማን ነህ?» የሚል የለም። አምባዛም ብዙ አያደክምም፤ ጎርፍ በዋጠው ሣር ላይ የተለጠፈው እንቁላል ውኃው ሞቅ ካለ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል። እጩ መጀመሪያ ሆዱ ሥር ባለው አስኳል ይኖራል፤ ጢሙ ብቅ ሲል ማንነቱ ይታወቃል።

የሚያስቸግረኝ የጣና ነጭ ዓሣ ነው። ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዋቂዎቹን አፍና ራስ እየለኩ ከአስር በላይ ዝርያዎችን ለዩ። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር! ግማሽ ያህሉ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው፣ ጥርት ባለ ገባር ውኃ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ልጆቹ ላይ ግን ያ ሁሉ የአፍ ልዩነት ገና አልመጣም፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ሁሉም ዓይን ያወጣ ክር ነው የሚመስሉት።

ስለዚህ እቆጥራለሁ፤ ከራስ እስከ ፊንጢጣ፣ ከዚያም እስከ ጭራ ስንት የጡንቻ ክፋይ አለ? ጥቁር ነጠብጣቡ የት የት አርፏል? የጀርባው ዘንግ ጫፍ ወደ ላይ መታጠፍ ጀምሯል? መታጠፉ የጭራ ክንፉ እየተሠራ መሆኑን ያሳያል። ይህ ሁሉ ግን ወገኑን ነው የሚነግረኝ፤ ዝርያውን ለማወቅ ወይ አሳድጎ መጠበቅ ነው፣ ወይ ዲኤንኤ ማስመርመር። ናሙናው የሚቀመጥበት ብልቃጥ ራሱ ጣጣ አለው። ፎርማሊን ቅርጹን ይጠብቃል፣ ዲኤንኤውን ያበላሻል፤ አልኮል ዲኤንኤውን ያቆያል፣ ገላውን ያኮማትራል። ቢጫና ቀይ ቀለም ደግሞ ቶሎ ይጠፋል፤ ጥቁሩ ነው የሚተርፈው። ያመጣውን ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ ዘፍቆ የሚመጣ ተማሪ ያናድደኛል።

የትኛው ወንዝ የትኛውን ዝርያ እንደሚያሳድግ ካልታወቀ፣ ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ የጠፋው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዓሣ የሚያደነዝዘውን ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ላይ የሚነሰንስ ሰውም ለትልቁ ዓሣ ብሎ ነው፤ መረብ የማይይዘው እጭ ግን አብሮ ያልቃል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያ ጠጠር ባይነካ፣ እኔ ስማቸውን እስክለይ ድረስ ለሁሉም ይበቃቸው ነበር።