ከብቅል እስከ ሶፍት፦ ቤት ውስጥ ዘር የማብቀል ዘዴዎች

የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ የአዲስ አበባ በረንዳ መልኩ ተቀይሯል። የመርሐ ግብሩ ዋና ትኩረት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ቢሆንም፣ አብሮት የከተማ ግብርናው ስለተሟሟቀ ጎመንና ቆስጣ በተቆረጠ ሃይላንድ፣ በአሮጌ ጎማና በተሰነጠቀ ባልዲ በቅሎ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከመንግሥት ቅስቀሳ ያላነሰ ሥራ የሠራው ደግሞ ስልካችን ነው። ቲክቶክ ላይ የአቮካዶ ፍሬ በስንጥር ተወግቶ ብርጭቆ አፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ የጽጌረዳ ዘንግ ድንች ውስጥ ይሰካል፤ የደረቀ ዘር በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራውም ለዓይን ብቻ የተቀናበረውም አለ።

ዘሩ አልበቅል ያለው ሰው ግን ቪዲዮውን አይጠረጥርም፤ ራሱን ነው የሚወቅሰው። «እጄ አያበቅልም» ይላል። ይህን አባባል በበጎ አላየውም። ቤት ውስጥ የሚዘራ ዘር ሲከሽፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከሁለቱ በአንዱ ነው፦ ወይ ዘሩ ቀድሞ ሞቷል፣ ወይ የተቀመጠበት ቦታ ሙቀት አልተስማማውም። እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘር ውኃ፣ ሙቀትና አየር እንደሚፈልግ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ከሦስቱ የሚረሳው አየር ነው። ውኃ የሞላበት ዘር ታፍኖ ይበሰብሳል። ይህን ከመጽሐፍ በፊት ያወቁት ጠላ ጠማቂዎች ናቸው። ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ ታጥቦ ይዘፈዘፋል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን እዚያው አይተውም፤ ይጠፈፍና በኮባ ወይም በሌላ ሰፊ ቅጠል ተሸፋፍኖ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ቅጠሉ ሲገለጥ ነጫጭ ሥሮቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ እጅ ሲያስገቡበትም ይሞቃል፤ ሙቀቱ ዘሩ ሲተነፍስ የሚወጣ ነው። የባቄላ በቆልትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መዘፍዘፍ፣ ማጥፈፍ፣ መሸፈን፣ ማሞቅ፦ የዘር ማብቀል ትምህርት ዋናው ክፍል እዚህ አልቋል።

ዛሬ «የሶፍት ዘዴ» ተብሎ የሚዞረው ይኸው ብቅል በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ሶፍቱ ይርሳል፤ ሲጨምቁት ውኃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ዐሥር ወይም ሃያ ዘር ተራርቆ ይደረደርበታል፣ ይታጠፋል፣ አፉ በደንብ ያልታሰረ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ የዘሩ ስምና ቀኑ ይጻፍበታል። ሥሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወረቀቱን በስቶ ሳይጠላለፍ፣ ወደ አፈር ይዛወራል። ሲያነሱት ሥሩን መንካት የለም። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለዱባ ከዚህ የተሻለ የቤት ዘዴ አላውቅም። ለካሮት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ካሮት ሥሩ ከተነካ ስለሚጣመም እዚያው በሚያድግበት መደብ መዘራት አለበት፤ ብቅ እስኪል ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ላዩ እንዳይደርቅ በጆንያ መሸፈን ይበጃል።

የሶፍቱ ትልቁ ጥቅም ግን ማፍጠኑ አይደለም፤ ዘሩን መፈተኑ ነው። ከዐሥሩ ዘጠኙ ከበቀለ ዘሩ ጤነኛ ነው፤ አምስቱ ከበቀለ አወፍሮ መዝራት ነው፤ አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ አፈርና ጉልበት ማባከን አያስፈልግም። ይህ ነገር የራሱ ታሪክ አለው፤ እኔም ከዘር ሳይንስ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ የዘር ንግድ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር የነገሠበት ነበር። ነጋዴዎች የክሎቨር ዘር የሚመስል ቀለም የተቀባ የአሸዋ ጠጠር ይቀላቅሉ ነበር። ከዚህ የባሰ ዘዴም ነበራቸው፦ ርካሽ ዘር ሆን ብለው ይገድሉና መልኩ ከሚመሳሰለው ውድ ዘር ጋር ይደባልቁታል። የሚገድሉት ለምን መሰላችሁ? ሕይወት ያለው ባዕድ ዘር በቅሎ ያጋልጣቸዋል፤ የሞተው ግን ምስክር አይሆንም። ገበሬው አዝመራው ሲሳሳ ዝናቡን ወይም ራሱን ይወቅሳል። እንግሊዝ ዘር መግደልንና ቀለም መቀባትን የሚከለክል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ታራንት በምትባል ከተማ ፍሪድሪኽ ኖቤ የመጀመሪያውን የዘር መፈተሻ ጣቢያ ከፈተ። ሰውየው ለገበያ የቀረቡ ናሙናዎችን እየቆጠረና እያበቀለ ስንቱ እውነተኛ ዘር፣ ስንቱ አረም፣ ስንቱ ቆሻሻ እንደሆነ ያወጣ ጀመር፤ በ1876 ደግሞ ግዝፍ ያለ የዘር ጥናት መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ጣቢያዎቹ በየአገሩ ተባዙ፤ በ1924 ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ የተለመደው የቤተ ሙከራ የብቅለት ፈተና 400 ዘር ይወስዳል። እኛ ዐሥር ወይም ሃያ ዘር ሶፍት ላይ ስንደረድር የዚያኑ ፈተና ታናሽ ወንድም እየሠራን ነው።

ጨዋታው ዛሬም አልሞተም። ገበያ ላይ ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ የሽንኩርት ዘር መቼ እንደተመረተ የሚያውቅ የለም። የቲማቲም ዘር በደረቅ ቦታ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ የሽንኩርት ዘር ግን ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ኃይሉ ይከዳዋል። «ዘር አይሞትም» የሚል ሻጭ በተለይ ያጠራጥረኛል። እርግጥ እስራኤል ውስጥ ከማሳዳ ቁፋሮ የተገኘ 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የተምር ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀቱራ በተባለው ኪቡትዝ በቅሏል፤ ይህ የታወቀ ነው። ከፈርዖኖች መቃብር ወጥቶ በቀለ የተባለው ስንዴ ግን ተረት ነው። ተምሩም ቢሆን ደረቅ በረሃ የጠበቀው ነው፤ የእኛ ሽንኩርት ኩሽና ውስጥ ከእንፋሎት ጋር ነው የሚኖረው።

ሁለተኛው ተጠያቂ ሙቀት ነው። ቃሪያና ቲማቲም 25 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኙ ይፈጥናሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ በረንዳ ላይ ያለ የቃሪያ ዘር ወይ ለሳምንታት ያንቀላፋል ወይ ይበሰብሳል። ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብም ይሆናል፤ ምጣዱ ላይ ከሆነ ግን ቆሎ ነው። ጎመን፣ ሽንኩርትና ካሮት ብርዱን ይችላሉ። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሰላጣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቀው አልበቅልም ይላል፤ እዚያ ያለ ሰው ማታ ማታ ጥላ ሥር ይዝራ።

ሰላጣ ሌላም ጠባይ አለው፤ ብዙው ዓይነት ብርሃን ካላየ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ቤልትስቪል ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች የሰላጣ ዘር ላይ ቀይና ከቀይ የራቀ ብርሃን እያፈራረቁ ሲያበሩ፣ የሚወስነው መጨረሻ ላይ የበራው መሆኑን አሳዩ፤ ቀይ ከሆነ ይበቅላል፣ ሌላው ከሆነ ይተኛል። ለቤት አትክልተኛ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ሰላጣን አፈር አታልብሱት፣ ጫን አድርጋችሁ ብቻ ተዉት። ሌላው ዘር ከውፍረቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ቢጠልቅ ይበቃዋል። ድንብላል አንዱ ፍሬ ሁለት ዘር ስለያዘ ቀስ ብሎ በመዳፍ ቢሰነጠቅ ጥሩ ነው፤ የቆስጣና የቀይ ሥር ፍሬም ከአንዱ ብዙ ችግኝ ስለሚያወጣ ማሳሳት አይቀርም።

ዛፎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የግራር ዘር ቅርፊቱ ውኃ ስለማያሳልፍ የፈላ ውኃ ከእሳት አውርዶ ማፍሰስና እዚያው እስኪቀዘቅዝ መተው፣ ወይም ጠርዙን በጥፍር መቁረጫ ነካ ማድረግ ነው። የወይራ ፍሬ ልቡ ሳይነካ ሲሰነጠቅ ይሻላል። የቡና ዘር ደግሞ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ዓመትም አይቀመጥም። የብርጭቆው አቮካዶ ይበቅላል፤ ችግሩ እናቱን መምሰሉ ዋስትና የለውም፣ ፍሬ ለመስጠትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ችግኝ ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ለመሠረት ያሳድጉትና የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ ያዳቅሉበታል። ቪዲዮው ይህን አይናገርም።

ከበቀለ በኋላ የሚመጣው ሐዘን ሌላ ነው። ማታ ቀጥ ብለው የቆሙ ችግኞች ጠዋት አፈሩ ጋ ግንዳቸው ቀጥኖ ተኝተው ይገኛሉ። ይህ የሻጋታ በሽታ ነው፤ የሚጠራውም ውኃ ማብዛት፣ ማጨናነቅና የታፈነ አየር ነው። ውኃውን ከሥር በሳህን ማጠጣት፣ ክዳኑን ዘሩ ብቅ እንዳለ ማንሳት ይበቃል። ቀጥነው የሚንጠራሩት ደግሞ ብርሃን ያጡ ናቸው፤ ለእነርሱ መስኮት እንጂ ማዳበሪያ መድኃኒት አይሆንም።

ዘር ማቆየትን በተመለከተ የገጠር ቤቶች ከእኛ ይሻላሉ፤ የበቆሎ ራስ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ የሚሰቀለው ለነቀዝም ለእርጥበትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የአገራችንን የዘር ባንክ ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ሳይንቲስቱና ገበሬው ዘሩን አብረው ይጠብቁ በማለታቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ከተማ ላይ ጭስ ባይኖርም ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥና ደረቅ ቦታ አይጠፋም። የተረፋችሁን ዘር እዚያ አስገቡና የገዛችሁበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉበት። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘር ከሆነ ደግሞ መድኃኒት የተነከረ ነውና ከልጆችም ከዶሮዎችም አርቁት፤ ለበቆልትም ለቆሎም አይሆንም።