ኅዳር ለምን ይታጠናል?

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፥ አዲስ አበባ በጢስ ትሸፈናለች። እናቶቻችን ግቢውን ጠርገው ቆሻሻውንና ቅጠሉን ይከምሩና እሳት ይለቁበታል። ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችን ይህን ስናይ ፈገግ እንላለን፤ «ጢስ በሽታን ያባርራል ወይ?» እያልንም እንቀልዳለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀልዱ ግን ታሪኩን ካለማወቅ የመጣ ይመስለናል።

ዘመኑ 1911 ዓ.ም. ነው። ታላቁ የዓለም ጦርነት ኅዳር 2 ቀን አበቃ፤ ነገር ግን ከጦርነቱ ይበልጥ ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ወደቀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ተረፉ። በከተማዋ ብቻ የሞተው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ 10,000 ይገመታል። ይህ በሽታ ከሌላው ጉንፋን የሚለየው ሽማግሌውንና ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን የሃያና የሠላሳ ዓመቱን ጎልማሳ፥ ማለት የእኛን ዕድሜ፥ መምረጡ ነው። መቃብር የሚቆፍር ጠፍቶ አስከሬን በቤት ውስጥ ቀረ፤ ብዙ ሰው ያለ ፍትሐትና ያለ ለቅሶ ባንድ ጉድጓድ ተቀበረ። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ነውር በሆነበት አገር ይህ ከሞቱ የማይተናነስ ሐዘን ነበረ።

ሕዝቡ ምን አደረገ? ጸለየ፤ ጠበል ጠጣ፤ ነጭ ሽንኩርት በላ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጤሰ። በሽታው በሚካኤል ሰሞን እየቀለለ ስለ ሄደ ጢሱ መታሰቢያ ሆኖ ቀረ ይባላል። (ልማዱ ከዚያ በፊትም ነበረ የሚሉ አሉ።)

እዚህ ላይ ለመሳቅ የሚቸኩል ጓደኛችን አንድ ነገር ያስታውስ። በዚያን ጊዜ የበሽታውን መንሥኤ በእርግጥ የሚያውቅ ሐኪም በዓለም ላይ አልነበረም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ጥፋተኛው አንድ ባክቴሪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ወደ ኋላም ብንሄድ እ.ኤ.አ. በ1348 ጥቁሩ ሞት አውሮፓን ሲያጠፋ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ምክንያቱ የከዋክብት መገጣጠምና የአየር መበላሸት ነው ብለው ጻፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ስድስተኛም በአቪኞን ከተማ በሐኪማቸው ምክር በሁለት እሳት መካከል ተቀመጡ። እንግዲህ ጢሱ የእናቶቻችን ብቻ አይደለም።

ጢስ ቢያስለቅስ እንጂ ሰውን በሰው ላይ አያስነሣም። የሚያስነሣው ሌላ ነው። በዚያው መቅሠፍት ዘመን «አይሁድ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ መርዝ ጨመሩ» የሚል ወሬ ተነሣ። በስትራስቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. የካቲት ወር 1349 ብዙ መቶ አይሁድ በእሳት ተቃጠሉ፤ በሽታው ግን ያን ጊዜ ከከተማዋ ገና አልደረሰም ነበር! ክሌመንት ወሬውን በደብዳቤ ተቃወሙ፤ አይሁድም እንደ ሌላው ሰው እየሞቱ ነው፥ በሽታው አይሁድ በሌሉበት አገርም ገብቷል ብለው አስረዱ። የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነበረ። ገዳዩም ተከላካዩም ባንድ መስቀል ስም የሚምሉ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ስለዚህ «ሃይማኖት በወረርሽኝ ጊዜ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» እየተባለ በግቢያችን የሚደረገው ክርክር ፍሬ ያለው አይመስለንም። ይልቅ ሃይማኖቱ ሰውየውን ከታመመው ጎረቤቱ ጋር ምን አድርግ አለው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ስለ ደረሰ ቸነፈር የጻፈው ደብዳቤ በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ክርስቲያኖች በሽተኞችን ሲያስታምሙ አብረው እንደ ሞቱ፥ ሌሎች ግን ዘመዶቻቸውን ገና ነፍሳቸው ሳትወጣ መንገድ ላይ እንደ ጣሉ ይናገራል። በርግጥ ጸሓፊው ለወገኑ ያደላል። ቢሆንም ማስታመሙ ከምግባርነቱ ሌላ የሕክምና ዋጋ ነበረው። ቤተ ሰቡ በሙሉ ሲተኛ እሳት የሚያነድ፥ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል፤ ብዙ ሰው በሽታው ሳይጨርሰው ጥሙና ረኀቡ ይጨርሰዋል።

እስልምናም ሌላ ትምህርት ይዞ ቆይቷል። በ18 ዓመተ ሂጅራ በሶርያ ቸነፈር ሲነሣ ኸሊፋው ዑመር ከመንገድ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን?» ብለው ቢጠይቋቸው ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው እንደሚሸሹ መለሱ። በሽታ ወዳለበት አገር አትግቡ፥ ካላችሁበትም አትውጡ የሚለው የነቢዩ ቃልም በዚሁ ጊዜ ተነገረ። ዛሬ ለይቶ ማቆያ የምንለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አቡ ዑበይዳ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ሳይለዩ በዚያው በሽታ ሞቱ።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና በአገራችን መገኘቱ ሲነገር አብዛኞቻችን ገና የታችኛው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበርን። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ተወደደ፤ ካህናት በየመንገዱ ዕጣን አጠኑ። ይህን ሁሉ ከ1911 ዓ.ም. እናውቀዋለን። ነገር ግን የመጀመሪያው በሽተኛ የውጭ አገር ዜጋ ስለ ነበረ በመንገድ የሚያልፈውን ፈረንጅና እስያዊ «ኮሮና! ኮሮና!» እያሉ መጮህ፥ አልፎም ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን የምንመጻደቅ እኛ ነን እንግዲህ። በኋላም ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተለይተው ከቆዩ በኋላ ሰፈራቸው ሲገቡ በር የዘጋባቸው ጎረቤት ነበረ። ያ ጎረቤት ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻውን አቃጥሎ ይሆናል፤ ወይም እንደ እኛ በጢሱ ይስቅ ይሆናል። በሩን ለዘጋባት ልጅ ሁለቱም ያው ነው።