ከቀለህ አፍ እስከ ሸንተረር

የጠመንጃ ጥይት ሲፈታታ አራት ነገር ነው፤ የናስ ቀለህ፣ ከቂጡ የተሰካ ካፕሱል፣ በሆዱ የገባ ባሩድና ከአፉ የተተከለ አረር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኩስ ተወዳዳሪዎች የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም። አጽድተው፣ ቅርጹን አስተካክለው፣ አዲስ ካፕሱልና ባሩድ ጨምረው በእጃቸው መልሰው ይሞሉታል። ባሩዱ ተመዝኖ ከገባ በኋላ የሚቀረው ሥራ አረሩን በትንሽ መጫኛ ተጭኖ ከቀለሁ አፍ ላይ መትከል ነው። እዚህ ላይ ምን ያህል ይግባ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ለተኳሹ ደህንነትም ለዒላማውም ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ መንገድ የሚታዩ ጉዳዮች አይደሉም።

በበርሜል የውስጥ ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች ተፈልፍለዋል። በቦዮቹ መካከል የቀሩት ሸንተረሮች አረሩን ነክሰው ያሽከረክሩታል። ሸንተረሮቹ ግን ጥይቱ ከሚያርፍበት ክፍል ጫፍ ወዲያው አይጀምሩም፤ ጉሮሮ የሚባል አጭር ልሙጥ መንገድ በመካከል አለ። አረሩ ከቀለሁ ተነሥቶ ሸንተረሩን እስኪነክስ የሚያልፈውን ርቀት ዝላይ እንበለው። አረሩ ጠልቆ ከተተከለ ዝላዩ ይረዝማል፤ ወጣ ብሎ ከተተከለ ያጥራል፤ ጭራሽ ሸንተረሩን ተደግፎ ከተቀመጠ ደግሞ ዝላይ የሚባል ነገር አይኖርም።

ከደህንነቱ እንጀምር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ ግፊት በጨመረ ቁጥር ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት ይጨምራል የሚለው ሕግም በስሙ ይጠራል። ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ውጅግራ ይጎርሰው የነበረው ጥቁር ባሩድ በዚህ ረገድ ገራም ነው። ጭስ አልባው ግን ግፊቱ ራሱ ሌላ ግፊት ይወልዳል። ጎማው ጉብታ ተደግፎ የቆመን መኪና ገፍቶ ማስነሣትና እየተንከባለለ የመጣን መኪና ያንኑ ጉብታ ማሻገር አንድ ጉልበት አይጠይቁም። ሸንተረሩን ተደግፎ የተቀመጠ አረርም ከቆመበት ተነሥቶ ነው ብረቱን የሚጋፈጠው። እሱ ሲዘገይ ከኋላው ጋዝ ይጠራቀማል፣ ጋዙ ሲጠራቀም ባሩዱ ይፈጥናል፣ የግፊቱም ጫፍ ከተለመደው በላይ ይወጣል። የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች የጋራ ተቋም የሆነው ሳሚ «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ለሚባለው የታወቀ ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት ከ4,000 እጥፍ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ለስህተት ብዙ ቦታ የለም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1945 የጠመንጃ ኩባንያውን ያቋቋመው ሮይ ዌዘርቢ ይህንኑ ጠባይ ገልብጦ ተጠቅሞበታል። ጠመንጃዎቹን ረጅም ጉሮሮ ሰጣቸው። አረሩ ተንደርድሮ ስለሚደርስ ግፊቱ ይለዝባል፤ በለዘበው ግፊት ፋንታ ተጨማሪ ባሩድ ገብቶ ፍጥነት ይገኛል።

ታዲያ ጠልቆ መትከል ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። አረሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል፣ የጠበበ ቦታም ግፊት ይጨምራል። በትልቅ የጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ይህ ብዙም አይጎላም። እንደ 9 ሚሊሜትር ባለ አጭር የሽጉጥ ቀለህ ግን ጥቂት መጥለቅ ብቻውን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥልቀቱን የሚለውጥ፣ በተለይም አረሩን ወደ ሸንተረሩ ማስጠጋት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ባሩዱን ቀንሶ በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መውጣት አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይመስለኝም። ለአዳኝ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሸንተረሩ ውስጥ ተጨምቆ የገባ ጥይት ሳይተኮስ ሊወጣ ሲል አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀርና ባሩዱ ሊደፋ ይችላል። ዱር መሀል ይህ ቢደርስ የዚያ ቀን አደን አበቃ።

ወደ ዒላማው ስንመጣ ቁም ነገሩ አረሩ በርሜሉን ቀጥ ብሎ መያዙ ነው። በሰከንድ 850 ሜትር የሚሄድ አረር፣ በየ254 ሚሊሜትሩ አንድ ጊዜ በሚጠማዘዝ በርሜል ውስጥ ካለፈ፣ በደቂቃ 200,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ሲገባ ጥቂት ካዘነበለ የክብደቱ ማዕከል ከመዞሪያው መስመር ይወጣል፤ ከአፈሙዙ በተላቀቀበት ቅጽበትም ወደ ጎን ይወረወራል። እዚህ ላይ የአፍንጫው ቅርጽ ይገባበታል። ጎኑ ከአፍንጫው ጋር በለስላሳ ኩርባ የሚያያዝ አረር ሸንተረሩ ላይ ራሱን የማስተካከል ዕድል አለው። አየርን በቀላሉ እንዲሰነጥቅ አፍንጫው የተሳለ፣ ከጎኑ ጋርም በማዕዘን የሚገናኝ አረር ግን በጥልቀት ለውጥ ቶሎ ይከፋል።

እንዲህ ያሉትን አረሮች የሚሠራው የአሜሪካው በርገር ኩባንያ ለተኳሾች የሰጠው ምክር ትምህርት ሰጪ ነው። ቀድሞ ብዙዎች እነዚህ አረሮች ሸንተረሩን ካልነኩ አይሠሩም ብለው ያምኑ ነበር። ኩባንያው ግን ሰፋ አድርጋችሁ ሞክሩ አለ፤ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ሸንተረሩ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ከዚያ በ1፣ በ2 እና በ3 ሚሊሜትር ገደማ ዝላይ። በየጠመንጃው ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ልቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ርምጃው መስፋቱን እወድለታለሁ፤ በፀጉር ስፋት እየተንፏቀቁ ወር ከማባከን ያድናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሻላል የሚለው ፍርድ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ልማዱ በየጥልቀቱ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሶ፣ የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ለክቶ፣ ጠባቡን መምረጥ ነው። ሆኖም ጠመንጃውም ጥይቱም ሳይለወጥ፣ በተለመደው የስርጭት ሕግ ብቻ፣ የሦስት ጥይት ስፋት ከአማካዩ 37 ከመቶ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። አማካዩ 24 ሚሊሜትር ለሆነ ጠመንጃ አንድ ጊዜ 15፣ ሌላ ጊዜ 33 ማግኘት ምንም አያስደንቅም። በአሥር ጥልቀቶች ሦስት ሦስት ጥይት የተኮሰ ሰው፣ ጥልቀቱ ቅንጣት ውጤት ባይኖረው እንኳ፣ ትልቁ ስፋት የትንሹን ሦስት እጥፍ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ያን ትንሹን ይዞ «ምስጢሩን አገኘሁ» ይላል፤ በማግሥቱ ሲደግመው ይጠፋበታል። በአሥር ጥይት መዋዠቁ ወደ 20 ከመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቂት ጥልቀቶችን መርጦ በእያንዳንዱ ብዙ ጥይት መተኮስ ይሻላል፤ ጎረቤት ጥልቀቶቹም አብረው ጥሩ ካልሆኑ ብቻውን ጎልቶ የወጣውን አለማመን ነው።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአረር ጫፍ ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ ከቂጥ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት የሚጠቅመው ጥይቱ ካዝና ውስጥ መግባቱን ለማወቅ ነው። ዝላይን ለማወቅ ግን አረሩ ሸንተረሩን የሚነካበትን ወገብ የሚይዝ ማስገቢያ ካሊፐሩ ላይ አስሮ ከዚያ መለካት ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ የተገኘው ቁጥር ቋሚ አይደለም። የሚነደው ጋዝ በየተኩሱ ጉሮሮውን ጥቂት ጥቂት ይበላዋል፣ ሸንተረሩም ወደ አፈሙዙ ያፈገፍጋል። አንዳንዶች አረሩን እያወጡ ይከተሉታል፤ በመጨረሻ ጥይቱ ካዝናው ውስጥ አልገባ ይላል፣ ወይም የቀለሁ አንገት አረሩን አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ሰፊ እርከን ያገኘ ተኳሽ ግን ዕረፍት አለው። ለምሳሌ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ዝላይ ድረስ ውጤቱ እኩል ከሆነ በ1 ሚሊሜትሩ ይጀምር፤ ጉሮሮው ግማሽ ሚሊሜትር እስኪበላ ድረስ በመጫኛው ላይ ጥልቀቱን የሚወስነውን ብሎን መንካት አያስፈልገውም።