«ጃጅተው ነው» ከማለት በፊት

ከዱከም እስከ ሰበታ፣ ወላጅ የሚጦሩ ልጆች ሐኪም ሲያገኙ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «እማማ ነገር ይምታታባቸው ጀመር፤ እርጅና ነው አይደል?»

ሁልጊዜ አይደለም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መደናገር ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚብስ መርሳት ሌላ ነው።

የአቅም መድከምም መለኪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው 5 ምልክቶች አስቀመጡ፦ ሳያስቡት መክሳት፣ የድካም ስሜት፣ የእጅ ጭበጣ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱ ከተገኙ ሰውነት ተዳክሟል።

በ2002 ዓ.ም. እንደተመሠረተው መቄዶንያ ባለ የአረጋውያን መርጃ ማዕከልም ሆነ በቤት፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ማጣፋት የሚችሉ እናትን ማልበስ ደግነት ይመስላል፤ የቀረ አቅማቸውን ግን ይቀማል። ቢዘገዩም ታገሷቸው።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉ፤ ድንገት ግራ የተጋቡትን ግን መልስ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።